መቶ አሥራ አንድ ዘር

በእኛ ወንዝ፣ ከምንጩ እስከ ጨው ውሃው ድረስ፣ የማቴዎስን ወንጌል እንደ እኔ በቃሉ የሚወጣ ሰው የለም። ለጉራ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ሃያ ስምንቱንም ምዕራፍ። «አብርሃም ይስሐቅን ወለደ» ከሚለው ተነስቼ እስከ መጨረሻው፣ መሐል ላይ ውሃ እንኳ ሳልጎነጭ። ሌሎቹ ልጆች ያ ስም ብቻ የሞላበት የመጀመሪያው ምዕራፍ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሯቸው ላይ ሲሰነቀርባቸው፣ እኔ ሩዝ እየወቀጥኩ አዜመዋለሁ።

ጀልባችን ከቀርከሃው መሰላል ተላቃ፣ የሚሸሸውን ውሃ ይዛ ወደ ታች ስትወርድም የማወራው ይህንኑ ነበር።

«ዋፖ፣» አሉ ፑ ኩዌ ከኋላ፣ «አፍሽ ቢቀዝፍ ኖሮ እስካሁን ባሕር ደርሰን ነበር። መቅዘፊያውን ያዢ።»

ፑ ኩዌ የመንደራችን አለቃ ናቸው። እኔ ፊት፣ እሳቸው ኋላ፣ መሐል ላይ ደግሞ ፒ ሙዴ። ፒ ሙዴ ልጅ አልወለዱም፤ ግን መላው መንደር «ፒ»፣ አያቴ፣ ይላቸዋል። ዓይናቸው ከጠፋ ሰባት ክረምት ሆኖታል። አይቀዝፉም፣ ከጀልባዋ ውሃ አይጨልፉም፤ ያን ከንፈር የሚያቀላ ቅጠላቸውን እያኘኩ ወደ ወንዙ ይተፋሉ። ለምን አብረውን እንደመጡ ማንም አልነገረኝም። እኔም ጀልባ መሳፈር አምሯቸው ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ጉልበቴ መሐል የሩዝ ቅርጫት ነበር። ከላይ በቅጠል የተቋጠረ ሩዝ፤ ከሱ ሥር የመንገድ ፈታሽ አፍንጫውን እንዳያስገባ ብለን ያስቀመጥነው የተብላላ ዓሣ ማሰሮ፤ ከሁሉ ሥር በዘይት ጨርቅ የተጠቀለለው መጽሐፍ። ያለን መጽሐፍ ይህ ብቻ ነበር፣ በራሳችን በካረን ቋንቋ የታተመ አንድ ማቴዎስ። በዚያ ዓመት፣ የእንግሊዝ መድፍ ገና ወንዛችን ላይ ሳይሰማ፣ መጽሐፍ ይዞ የተገኘ ካረን ታስሮ እግሩ ግንድ ውስጥ ይገባ ነበር። አጎቴም የገባው እንደዚያ ነው።

አጎቴ ፓቲ ቱሌ የመንደራችን መምህር ናቸው። ማንበብ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው፤ በሦስት ክረምት። ሲያነቡ የበርማው ገዥ ሰዎች ሰምተው ያዟቸው፤ መጽሐፉን ግን አላገኙትም፤ ዘር ማስቀመጫው ጋን ውስጥ ነበር። ከዚያ ገዥው፣ ያ የወርቅ ጃንጥላ የሚያዝለት፣ መልእክት ላከ፦ ጨረቃ ሳትሞላ መጽሐፉን አምጡና ሰውዬውን ውሰዱ፤ ካልሆነ ሬሳውን ትወስዳላችሁ። ፓቲ ቱሌም በዓሣ ነጋዴ በኩል የራሳቸውን ቃል ላኩ። «ወረቀቱን ስጧቸው፤ እኔ ለገዥው አዎ ብያለሁ። ከመስጠታችሁ በፊት ግን ሁሉንም በልባችሁ ያዙት።»

ሰባት ቀን ነበረን።

ፑ ኩዌ መንደሩን ሰብስበው ድርሻ ያወጡት ያኔ ነው። ሠላሳ አንድ ቤት ነን፤ ምዕራፉ ሃያ ስምንት። ለያንዳንዱ ቤት አንድ ምዕራፍ፤ ዋፖ ከቤት ቤት እየዞረች ታነባለች፣ ቤተሰቡ ይቀበላል። ምዕራፍ ያልደረሳቸው ሦስት ቤቶች «እኛ ምን በደልን?» ብለው ጭቅጭቅ ጀመሩ። አባቶቻችን የመጀመሪያውን መጽሐፍ፣ ፈጣሪ በእጁ የሰጣቸውን፣ እርሻ ላይ ጉቶ ላይ ረስተውት ዶሮ ጫረው ይባላል። ስለዚህ እኛ ካረኖች መጽሐፍ ሁለተኛ ይጥፋ ሲባል እንደ ሌላ ሰው አንሰማውም፤ ሆዳችን ነው የሚሰማው።

እኔ ተነሳሁና «ምን ያደክማችኋል?» አልኩ። «ሁሉም እኔ ጋ አለ። ችግኛችሁ ቢጫ እየሆነ ነው፤ ሂዱና ሩዛችሁን ትከሉ።»

በእውነትም ችግኙ ቢጫ ሆኖ ነበር። የሰዉ ፊት እንዴት እንደ በራ! ሦስቱ ቤቶች እንኳ ታረቁ። ፒ ሙዴ ብቻ ከጥጋቸው፣ «መጽሐፉን ዘግተሽ ነው የምትይው፣ ከፍተሽ?» አሉ።

«ዘግቼ ነዋ! ከከፈትኩት ዓመቴ ነው።»

ሰዉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ቀትር ሳይደርስ ባሕሩ ወደ ላይ መግፋት ጀመረ። የእኛ ወንዝ እንዲህ ነው፤ ግማሽ ቀን ወደ ታች ይወስድሃል፣ ግማሽ ቀን ወደ ኋላ ይመልስሃል፤ የሚታገለው ሞኝ ብቻ ነው። ጀልባዋን ውሃው ውስጥ ከቆመ ዘንባባ ጋር አሰርንና ሩዛችንን ፈታን።

ፒ ሙዴ ሦስት ጉርሻ በልተው እጃቸውን ታጠቡ። «በይ ልጄ፣» አሉ፣ «ያን ተራራ ላይ የተናገረውን በይልኝ። አምስተኛውን።»

«እያየሁ ነው ሳላይ?» አልኩ፣ ላበሽቃቸው።

«እኔ የማየው አለኝ። አንቺ ዝጊው።»

እንደ ባለትዳር ሴቶቻችን ሁሉ ሸሚዛቸው ጥቁር ነው፣ ነጫጭ የሣር ዘር የተሰፋበት። ሴቶቹ ዘሩን በአበባና በኮከብ ነው የሚሰፉት፤ የእሳቸው ግን አበባም ኮከብም የለውም፣ ረድፍ ብቻ። ድሮ ጠንቋይ የነበሩት ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ጌጥ ጠልተው ነው እንል ነበር። አሁን አውራ ጣታቸውን አንገታቸው ሥር የመጀመሪያው ዘር ላይ አሳረፉ።

ጀመርኩ። ድምፄን ታውቁታላችሁ፤ ካላወቃችሁትም ቀረባችሁ። ጣታቸው ካንዱ ዘር ወደ ሌላው እየተሻገረ ይከተለኛል።

«የሚያዝኑ ብፁዓን ናቸው፣ መጽናናትን ያገኛሉና፤ እንባቸው እንደ ክረምት ጅረት ይወርዳል፣ በበጋ ግን ጠጠሩ ይደርቃል...»

ጣታቸው ቆመ።

«ይህ ዘር የለውም።»

«የምን ዘር?»

«ቱሌ ቁጥር በጠራ ቁጥር አንድ ዘር ሰፍቻለሁ። ያኔ ዓይኔ ትንሽ ያይ ነበር። አምስተኛው አርባ ስምንት፣ ስድስተኛው ሠላሳ አራት፣ ሰባተኛው ሃያ ዘጠኝ። መቶ አሥራ አንድ። ስለ ጅረትና ስለ ጠጠር የሚል ዘር የለኝም።»

«ረስተውት ይሆናላ፣ ፒ።»

«ይሆናል። ክፈቺው።»

ከፈትኩት። ያዘኑት አሉ፤ መጽናናቱ አለ። ጅረቱ የለም። ገጹን አገላበጥኩ፤ ከኋላው ተደብቆ የሚጠብቀኝ ይመስል። የለም።

«ቀጥዪ፣» አሉ።

ስድስተኛው ላይ የሰማይን ወፎች አልኩ፤ አይዘሩም አያጭዱም በጎተራም አይከቱም አልኩ፤ «ወፊቱ በቀርከሃ ጫፍ ጎጆዋን ትሰቅላለች፣ ማለዳ ስትነቃ አፏ ሙሉ ነው» አልኩ።

«በጌታ አገር ቀርከሃ አለ እንዴ?» አሉ ፒ ሙዴ።

ፑ ኩዌ ሳቅ አመለጣቸው። ሰባተኛው ላይ ግን፣ ቤቱን አሸዋ ላይ የሠራው ሰውዬ አሳማውን ብቻ ይዞ ሲሸሽ፣ ማንም አልሳቀም። ምክንያቱም ያኔ ሦስታችንም ምን እንደ ሆነ ገብቶን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ የለቅሶ ዘፋኝ ነበረች። በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ወጣቶች ሬሳውን እየዞሩ ሌሊቱን በዜማ ይፎካከራሉ፤ አንዱ ስንኝ ሲጥል ሌላው ጥንዱን ያነሳል። ስንኝ ብቻውን አይቀመጥም። ብቻውን የተወ ዘፋኝ የሚሳቅበት ሳቅ እስከ መከር ይነገራል። እኔ በስምንት ዓመቴ ከትልልቆቹ ጋር ዞሬያለሁ፤ ተሸንፌም አላውቅም። ወንጌሉን የያዝኩትም በዚያው ዜማ ነው፤ ሌላ መያዣ መቼ አውቅና? የመጽሐፉ ቃል ብቻውን ሲቆም ጆሮዬ ጥንድ ፍለጋ ይሄዳል፣ ያመጣለታል፣ ያጋባዋል። አንዴ ከተጋቡ ደግሞ የትኛው የጌታ፣ የትኛው የዋፖ እንደ ሆነ እኔው ራሴ አላውቅም።

በሦስት ምዕራፍ ሃያ ሰባት የራሴን ስንኝ አገኘሁ። ሃያ ሰባት!

ፑ ኩዌ መቅዘፊያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። «ፒ፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «የሌላው ምዕራፍ ዘር አለዎት?»

«የለኝም። ዓይኔ እዚያ ላይ አለቀ። ሌላውን ስሰማው አውቀዋለሁ እንጂ አልቆጥረውም።»

«እንግዲህ ያለን ወረቀቱ ነው።»

«ያለን ወረቀቱ ነው። ውሃው እስኪዞር።»

እንደዚያ ቀን ተምሬ አላውቅም። አንድ ቁጥር በዜማ እላለሁ፣ መጽሐፉ ላይ አያለሁ፣ የኔን ነቅዬ እጥላለሁ፣ እንደገና እላለሁ። መንቀሉ ከመያዙ ይከፋል፤ የነቀልኩት ስንኝ አፌ ውስጥ ተመልሶ ይበቅላል። የመጀመሪያዎቹ አራት ምዕራፎች ብዙ አላስቸገሩኝም፤ በተለይ አንደኛው ላይ አባትና ልጅ እየተከተሉ ስለሚሄዱ ስሞቹ ድሮም ጥንድ አልፈለጉም። ከስምንተኛው ጀምሮ ግን ጫካ ነው። ፑ ኩዌ በባርኔጣቸው ፀሐዩን ይከልሉልኛል። ፒ ሙዴ ስህተቱን ከእኔ ቀድመው ሲይዙ ጀልባዋን በጥፍራቸው ኳ ያደርጋሉ። ያን ኳኳታ እስከ ዛሬ በሕልሜ እሰማዋለሁ።

አሥራ ሦስተኛውን ስጨርስ ዘንባባው ሥር የነበረው አረፋ ቆመ፤ ከዚያም ወደ ታች መሄድ ጀመረ። ውሃው ዞረ። አሥራ አምስት ምዕራፍ ቀርቷል። አምስቱ እንጀራና ሁለቱ ዓሣ፣ አሥሩ ቆነጃጅት፣ እራቱ፣ መስቀሉ። ከመስቀሉ ውስጥ የቱ የኔ እንደ ሆነ ማሰብ እንኳ አስፈራኝ፤ እናቴ የሞተች ሰሞን ስለነበር የያዝኩት፣ እዚያ ላይ ብዙ ነው የዘፈንኩት።

ያኔ ሐሳብ መጣልኝ። ሐሳብ አጥቼ አላውቅም።

«ቅጠሎቹን ከመጽሐፉ እናውጣቸው፣» አልኩ። «የአሥራ አምስቱን ምዕራፍ። ቆዳውን መልሼ እሰፋዋለሁ። የገዥው ጸሐፊ በርማ ነው፤ ካረን አያነብ። መጽሐፍ አምጡ ተባልን፣ መጽሐፍ አመጣን። ማን ያውቃል?»

የፑ ኩዌ እጅ ወደ ወገባቸው ቢላዋ ሄደ። እምቢ ማለት ያልፈለገ እጅ መሆኑን አይቻለሁ።

«አምስተኛው ምዕራፍ፣» አሉ ፒ ሙዴ። «ሠላሳ ሰባተኛው ዘር። በይው።»

አፌ ከእኔ ቀደመ። «ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን...»

ቆምኩ። ያዳመጥኩት ገና ያኔ ነው። ሺህ ጊዜ ብየዋለሁ፣ አንድ ጊዜ አልሰማሁትም።

«ቱሌ አዎ ብሏል፣» አሉ ፒ ሙዴ። «እግሩ ግንድ ውስጥ ሆኖ። ቢላዋውን መልስ፣ ኩዌ። አንቺስ፣ ለዚህ ቁጥር ያጋባሽለት ጥንድ ምን ነበር? ቅድም ነቅለሽዋል።»

«ተዉኝ፣ ፒ።»

«በይው።»

«በርማው ሲጠይቅህ ግን... ሳል ይያዝህ።»

ይህን ስንኝ ሳዜም መንደሩ በሳቅ ይፈርስ ነበር። ጀልባዋ ላይ የሳቀ አልነበረም። ፑ ኩዌ ገመዱን ፈቱ።

ከተማው የደረስነው ሲመሽ ነው። መብራት አልነበረንም፤ ስለዚህ መጽሐፉን ደረቴ ላይ አድርጌ ወደቡ ዳስ ሥር ተኛሁ። ማለዳ የገዥው ግቢ ደጃፍ ጫማ የለንምና ሳናወልቅ ተንበረከክን። ገዥው ከሩቅ ጃንጥላው ሥር ይታያል፤ ወደ እኛ ዞሮም አላየ። ያነጋገረን ጸሐፊው ነው፣ ጥቁር ተጣጣፊ መዝገቡንና ነጭ የድንጋይ መጻፊያውን የያዘ፤ ካረን ቋንቋ ይሰባብራል።

መጽሐፉን ተቀብሎ በሁለት ጣቱ ገለጠው፣ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ቆጠረ፣ ስፌቱን በጥፍሩ ፈተሸ። ፑ ኩዌ ወደ እኔ አዩ፤ እኔ ወደ መሬት አየሁ።

«ሌላ አላችሁ?» አለ ጸሐፊው።

ጉሮሮዬ ውስጥ ሳል ሲመጣ ተሰማኝ። እውነቴን ነው። ዋጥኩት።

«አለን፣» አሉ ፒ ሙዴ።

ፑ ኩዌ ግንባራቸው መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«የት?»

«ሸሚዜ ላይ ተሰፍቷል። ሦስት ምዕራፍ።» አገጫቸውን ቀና አድርገው ረድፎቹን አሳዩት።

ጸሐፊው ጎንበስ ብሎ ዘሮቹን አየ፤ ዓይናቸውን አየ፤ የቀላ ድዳቸውን አየ። ከዚያ ሳቀ፤ ለሎሌዎቹም በቋንቋቸው ነገራቸውና እነሱም ሳቁ። «እነዚህን አውሬዎች ከዚህ አውጡልኝ፣» አለ።

መጽሐፉን ሩዝ የሚቀቀልበት እሳት ውስጥ ወረወሩት። ወፍራም መጽሐፍ ቶሎ አይነድም። ከጫፉ እየጠቆረ እንደ ጎመን ቅጠል ተገለጠ፤ አንድ መስመር አነበብኩ። «ጴጥሮስ ግን ሩቅ ሆኖ ተከተለው።» ጥንድ የለውም። ብቻውን ነው የቆመው። ያንን ያዝኩ።

ፓቲ ቱሌን በሁለት ሰው ትከሻ አመጧቸው። ቁርጭምጭሚታቸው የበሰለ ማንጎ መስሏል። ጀልባዋ ላይ ስናጋድማቸው አንድ ጊዜ ብቻ አቃሰቱ፤ ከዚያ ባሕሩ ወደ ላይ መግፋት ሲጀምርና ከተማው ከኋላችን ሲጠፋ፣ ዓይናቸውን ገልጠው እኔን አዩ።

«ስንት ያዝሽ?»

ሃያ ስምንት ልል አፌ ተከፍቶ ነበር።

«አሥራ ሦስት ንጹሕ፣ ፓቲ። አሥራ አምስቱ... የኔ ገለባ አለበት።»

ፑ ኩዌ ሁሉንም ነገሯቸው፤ ድርሻውን፣ ችግኙን፣ ስንኙን፣ ቢላዋውን። ምንም አልደበቁልኝም። ፓቲ ቱሌ ሰማዩን እያዩ ሰሙ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ፊታቸውን በክንዳቸው ሸፈኑ።

«እኔም በቃሌ አልያዝኩትም፣» አሉ ከክንዳቸው ሥር። «አሥራ አንድ ዓመት እጄ ላይ ነበር። እጄ ላይ ስላለ መች ያዝኩት?» ከዚያ ክንዳቸውን አነሱ። «አሥራ አራተኛውን ጀምሪ። እንዳለ፣ ከነገለባው።»

ጀመርኩ። እኔ እላለሁ፤ ፒ ሙዴ ጀልባዋን ኳ ያደርጋሉ፤ ፓቲ ቱሌ «እውነት ነው፣ የለም» ወይም «አይ፣ እሱስ አለ» ይላሉ። አንዳንዱን አስታወሱት፤ እዚህ ጋ አንድ ነገር ጎድሏል ይሉና እስኪመጣላቸው እንጠብቃለን። አሥሩ ቆነጃጅት ላይ ስንደርስ፣ ልባሞቹ በመጨረሻ ለሰነፎቹ ከዘይታቸው ትንሽ ጠብ አደረጉላቸው አልኩ።

«አላደረጉም፣» አሉ ፓቲ ቱሌ።

«እንዴት አያደርጉም? ጎረቤት እሳት ይከለከላል እንዴ?»

«በእኛ አገር አይከለከልም። እነሱ ግን ከለከሉ።»

«በጣም ክፉ ናቸው።»

«ይሁኑ። የተጻፈው እሱ ነው።»

ሦስት ቦታ ላይ ሦስታችንም አላወቅንም። ፓቲ ቱሌ ጥርጣሬ የገባቸውን ስንኝ አላስገቡም፤ «ባዶውን ተዪው» አሉ። ባዶ መተው ለእኔ ምን ማለት እንደ ሆነ ማንም አልጠየቀኝም። መስቀሉ ላይ ግን እንዳሰብኩት አልሆነም። እዚያ የኔን ሁሉ ሲነቅሉ የቀረው በጣም ጥቂት ነው፤ ያን ጥቂቱን ደግሜ ስለው ማንም ጀልባዋን አልመታም፤ ፑ ኩዌም መቅዘፍ አቁመው ነበር።

የመንደራችን ጭስ መታየት ሲጀምር ግን ልቤ ተመለሰ። ያቺ ልቤ ሩቅ አትሄድም። ፀሐዩ ደስ ይላል፣ አጎቴ በሕይወት አሉ፣ ማቴዎስም ሦስት ቦታ ከመቀደዱ በቀር አለ።

«ለማንኛውም፣» አልኩ ጠጉሬን እየሰበሰብኩ፣ «እኔ ባልኖር ኖሮ ዛሬ ባዶ እጃችሁን ነበር የምትመለሱት።»

ፒ ሙዴ ቅጠላቸውን ወደ ወንዙ ተፉ።

«አንቺ ባትኖሪ ኖሮ ሃያ ስምንት ቤት ሃያ ስምንት ምዕራፍ ይዞ ነበር። ጀልባዋ ውሃ ይዛለች፤ ጨልፊ።»